ስለ ቤት ለምጽና ስለ ሕፃናት እስትንፋስ

በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ከቍጥር 33 እስከ 53 ባለው ሕግ ላይ የተጻፈ የታሪክ ሐተታ

መቅድም።

ኦሪት ዘሌዋውያንን የሚያነብ ሰው፥ ስለ ሰው ገላ ለምጽና ስለ ልብስ ለምጽ የተጻፈውን ከፈጸመ በኋላ፥ ስለ ቤት ለምጽ የተጻፈውን ሕግ ያገኛል። ብዙዎች ግን ይህን ክፍል ፈጥነው ያልፉታል። ስለ ምን ቢሉ፥ ሰው ይታመማል፥ ከብትም ይታመማል፥ ግድግዳ ግን ነፍስ ሳይኖረው እንዴት ይታመማል ብለው ነው። ዳግመኛም መቅደሱ ከፈረሰ፥ የኦሪት መሥዋዕትም ከቀረ በኋላ ይህ ሕግ ለምን ይጠቅማል ይላሉ።

ነገር ግን የሕጉ መሥዋዕት ቢያልፍ፥ ሕጉ የተመለከተው ነገር አላለፈም። ግድግዳ ዛሬም ይርሳል፥ ይሻግታልም፤ በዚያም ቤት የተኛ ሕፃን ሲያስል ያድራል። በ2020 ዓመት በእንግሊዝ አገር ሁለት ዓመት የሞላው አንድ ሕፃን በዚህ ምክንያት ሞተ፤ በእርሱም ሞት ምክንያት በዚያ አገር አዲስ ሕግ ወጣ። ያም አዲስ ሕግ ከኦሪቱ ሕግ ጋራ ቢነጻጸር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። ይህ ሐተታ ከኦሪቱ ተነሥቶ እስከዚያ ሕፃን ድረስ ያለውን ታሪክ በአጭሩ ይናገራል። የሚቈጠረውም ዘመን ሁሉ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የሕጉ ሥርዓት።

የሕጉ ሥርዓት እንዲህ ነው። የእስራኤል ልጆች ወደ ከነዓን ምድር ከገቡ በኋላ፥ የድንኳን ኑሮ ቀርቶ በድንጋይ ቤት ሲቀመጡ፥ በአንዱ ቤት ግድግዳ ላይ ደዌ ቢታይ፥ ባለ ቤቱ ራሱ ሄዶ ለካህኑ ይነግራል። ካህኑም ገና ወደ ቤቱ ሳይገባ በውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያዝዛል። ይህም ቤቱ ርኩስ ነው ተብሎ ሲፈረድበት ዕቃው ሁሉ አብሮ እንዳይረክስ ነው።

ከዚህ በኋላ ካህኑ ገብቶ ግድግዳውን ይመለከታል። ደዌው አረንጓዴ ወይም ቀይ መልክ ቢኖረው፥ ከግድግዳውም ፊት ወደ ውስጥ ጠልቆ ቢታይ፥ ካህኑ ወደ ደጅ ወጥቶ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋዋል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ ያያል። ደዌው በግድግዳው ሰፍቶ ቢያገኘው፥ ደዌ ያለባቸው ድንጋዮች ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ የቤቱም ውስጥ ዙሪያው ይፋቃል፥ የተፋቀውም ምርጊት ወደ ውጭ ይደፋል፤ በተነቀሉትም ፈንታ ሌሎች ድንጋዮች ይገባሉ፥ ቤቱም በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ ደዌው ተመልሶ ቢወጣ፥ ቤቱ ይፈርሳል፤ ድንጋዩም እንጨቱም ምርጊቱም ሁሉ ከከተማ ውጭ ይወሰዳል። ተመልሶ ባይወጣ ግን ካህኑ ቤቱን ንጹሕ ይለዋል፤ በሁለት ወፎችም፥ በዝግባ እንጨት፥ በቀይ ግምጃና በሂሶጵ የመንጻቱን ሥርዓት ይፈጽማል። ከሁለቱ ወፎች አንዱ በሕይወት ሳለ ከከተማ ውጭ ወደ ሜዳ ይለቀቃል።

በዚህ ሥርዓት አምስት ነገር ይታያል። መጀመሪያ፥ ደዌውን ያየ ሰው ይናገራል እንጂ አይሸሽግም። ሁለተኛ፥ የሰማው ካህን ራሱ ሄዶ በዓይኑ ያያል እንጂ በወሬ አይፈርድም። ሦስተኛ፥ ቀን ተቈርጧል፤ በሰባተኛው ቀን ይመለሳል እንጂ ነገ ከነገ ወዲያ እያለ አያቈይም። አራተኛ፥ መድኃኒቱ የሚደረገው በውስጥ ባለው ድንጋይ ነው እንጂ በላዩ በሚታየው መልክ ብቻ አይደለም። አምስተኛ፥ ካህኑ ግድግዳውን እንዲመረምር ታዘዘ እንጂ የቤቱን ሰዎች በምን ዓይነት ኑሮ ብትኖሩ ይህ መጣባችሁ ብሎ እንዲጠይቅ አልታዘዘም። እነዚህን አምስቱን ነገሮች ልብ ያለ አንባቢ ወደ ኋላ የሚመጣውን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል።

መምህራን ስለዚህ ሕግ የተናገሩት።

የአይሁድ መምህራን በ200 ዓመት ገደማ በተጻፈው ሚሽና በሚባለው መጽሐፋቸው ስለዚህ ሕግ ብዙ ተናግረዋል። ባለ ቤቱ የተማረ ሰው ቢሆንና ደዌ መሆኑን በእርግጥ ቢያውቅ እንኳ፥ ለካህኑ ሲነግር ደዌ የሚመስል ነገር ታየኝ ይበል እንጂ ደዌ ነው ብሎ አይቍረጥ አሉ። ፍርዱ የሚገባው ላየና ለመረመረ ነውና። ዕቃው አስቀድሞ ስለ መውጣቱም ሲናገሩ፥ ሕጉ የራራው ለድኻ ሸክላ ነው አሉ፤ የነሐስ ዕቃ ቢረክስ በውኃ ይነጻል፥ የሸክላ ዕቃ ግን ይሰበራልና። ዳግመኛም ደዌው የወጣበት ግድግዳ ሁለት ቤቶችን የሚለይ ቢሆን፥ ሁለቱም ጎረቤቶች ድንጋዩን አብረው ይነቅላሉ፥ አብረው ይፍቃሉ፥ ሌላም ድንጋይ አብረው ያመጣሉ ብለው ወሰኑ። አንዱ የእኔ አይደለም ብሎ እጁን አይሰበስብም።

ስለ ደዌው ምሥጢር ግን አልተስማሙም። በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ የነበሩት፥ በ1105 ዓመት ያረፉት ረቢ ሰሎሞን፥ በአጭር ስማቸው ራሺ የሚባሉት፥ አሞራውያን በግድግዳቸው ውስጥ ወርቅ ሸሽገው ነበርና ቤቱ ሲፈርስ እስራኤል እንዲያገኙት ነው የሚለውን ትርጓሜ ጻፉ። አንድም ይህ ደዌ ባልንጀራውን የሚያማ ሰው ምልክት ነው፤ መጀመሪያ ቤቱን፥ ባይመለስ ልብሱን፥ ባይመለስ ገላውን ይይዘዋል የሚል ትርጓሜ አለ። አንድም እንዲህ ያለ ቤት ከቶ አልነበረም፥ ወደ ፊትም አይሆንም፥ ሕጉ ለትምህርት ብቻ ተጻፈ ያሉ ነበሩ፤ ሌሎች ግን በጋዛ አጠገብ በዚህ ምክንያት የፈረሰ ቤት ቦታ ይታይ ነበር ብለው መለሱላቸው።

ለምጽ የሚለውም ስም ሊያስት አይገባም። ዛሬ ሐኪሞች የሥጋ ደዌ የሚሉትን በሽታ የምታመጣውን ደቃቅ ነፍሳት፥ ኖርዌያዊው ሐኪም ጌርሃርድ ሃንሰን በ1873 ዓመት በአጉሊ መነጽር አይተው አግኝተዋታል። ይህች ነፍሳት በግድግዳና በልብስ ላይ አረንጓዴና ቀይ መልክ አታወጣም። ስለዚህ በዘመናችን ያሉ ብዙ ሊቃውንት የኦሪቱን የቤት ለምጽ ከእርጥበት የሚበቅል ሻጋታ ወይም ይህን የሚመስል ነገር ነው ይሉታል። አረንጓዴነቱና ቀይነቱ፥ ወደ ውስጥ ጠልቆ መታየቱ፥ በሰባት ቀን መስፋቱ፥ ከተፋቀም በኋላ ተመልሶ መውጣቱ፥ ይህ ሁሉ ሻጋታ የሚያደርገው ነው።

ሐኪሞች ያዩት።

ባልንጀራውን የሚያማ ሰው ምልክት ነው የሚለውን ትርጓሜ ካስፋፉት አንዱ ሙሴ ማይሞኒደስ ናቸው። እኒህ ሰው የኦሪት መምህርም ሐኪምም ነበሩ። በግብፅ አገር ሳሉ በ1190 ዓመት ገደማ አስም ለያዘው ለአንድ መስፍን ስለዚሁ በሽታ መጽሐፍ ጻፉለት። በዚያም መጽሐፍ የከተማ አየር የተጨናነቀና የቈሸሸ መሆኑን፥ ከከተማ መውጣት ያልተቻለው ሰው ቢያንስ በከተማው ዳር እንዲቀመጥ፥ መኖሪያውንም ፀሐይ በሚገባበት በላይኛው ደርብ እንዲያደርግ መከሩ። ስለ ቤት ለምጽ ሲተረጕሙ ግን ነገሩ ምልክትና ተአምር ነው እንጂ እንደ ዓለም ልማድ የሚሆን አይደለም አሉ። እንግዲህ በአንድ ሰው እጅ ሁለት መጻሕፍት ተጻፉ፤ አንዱ ስለ ታመመ ግድግዳ፥ አንዱ ስለ ታመመ እስትንፋስ። ሁለቱ ግን አልተገናኙም።

ከዚያ በኋላ በ1698 ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ጆን ፍሎየር ስለ አስም መጽሐፍ አሳተሙ። እሳቸው ራሳቸው አስም ነበረባቸውና የሚጽፉት በገዛ ደረታቸው የሚያውቁትን ነው። የወይን ጠጅ ወደሚቀመጥበት ምድር ቤት በመግባቱ ብርቱ አስም የተነሣበት ሰው እንዳለም አመለከቱ። እርጥብና ጨለማ የሆነ ክፍል እስትንፋስን እንደሚያውክ ከተጻፉት ምስክሮች ይህ አንዱ ነው።

ነገሩን በግልጥ የመረመሩት ግን በማንቸስተር ከተማ ይኖሩ የነበሩት ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ ናቸው። ብላክሊ በአበባ ብናኝ ምክንያት በየዓመቱ ማስነጠስና የደረት መጨነቅ ያገኛቸው ነበር። ምክንያቱን ለማወቅ በሌላ ሰው ሳይሆን በራሳቸው ገላ መፈተን ጀመሩ። ጭድ አርሰው ሻጋታ እንዲያወጣ አደረጉ፤ ከሻጋታውም የሚወጣውን ደቃቅ ዘር በአፍንጫቸው ሳቡ። ከአንደኛው ዓይነት ማቅለሽለሽና ማዞር አገኛቸው። ፔኒሲሊየም ከሚባለው ከሁለተኛው ዓይነት ግን ድምፃቸው ጐረነነ፥ ኋላም ፈጽሞ ተዘጋ፤ በመጨረሻም ደረታቸውን ብርቱ ጉንፋን ያዘው። ሕመሙ ጽኑ ስለ ሆነ ዳግመኛ ሊፈትኑት አልወደዱም። ይህን ሁሉ በ1873 ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ ጻፉት። ሃንሰን የሥጋ ደዌን ነፍሳት ባገኙበት በዚያው ዓመት፥ የማንቸስተሩ ሐኪም የሻጋታ ዘር በሰው እስትንፋስ ላይ የሚያደርገውን ለዓለም አስታወቁ። የከተማውን ስም አንባቢ ያስታውስ፤ ወደ ኋላ ያስፈልጋልና።

ሻጋታ ከምን ይበቅላል፥ ሕፃናትንስ ስለ ምን ይጐዳል።

የሻጋታ ዘር የሌለበት ቦታ የለም። ከአፈር፥ ከበሰበሰ ቅጠልና ከእህል ተነሥቶ በነፋስ ይሄዳል፤ ከዘሩም ብዙው የአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ ስለ ሆነ በዓይን አይታይም። ዘሩ በደረቅ ግድግዳ ላይ ቢያርፍ ምንም አያደርግም፤ ውኃ ሲያገኝ ግን ይበቅላል። የራሰ ነገር በ24 ወይም በ48 ሰዓት ካልደረቀ ሊሻግት ይችላል። ምርጊት ቢሆን፥ እንጨት ቢሆን፥ ወረቀት ቢሆን፥ ቈዳ ቢሆን ይበላዋል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቃል፤ ብራና እርጥበት ካገኘው ፊደሉ ሳይነበብ እንደሚጠፋ አይቷልና።

ውኃው ወደ ቤት የሚገባበት መንገድ ሦስት ነው። አንደኛው ከላይ ነው፤ ጣሪያ ሲያፈስና አሸንዳ ሲሰበር። ሁለተኛው ከታች ነው፤ መሠረቱ የመሬቱን ውኃ እንደ መብራት ክር ሲስበው። ሦስተኛው ከውስጥ ነው፤ ሰው ሲተነፍስ፥ ወጥ ሲሠራ፥ ልብስ ሲታጠብ የሚነሣው እንፋሎት ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ተመልሶ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ሻጋታ ብዙ ጊዜ የሚታየው በማዕዘን፥ በመስኮት ዙሪያ፥ ከአልጋና ከሣጥን በስተ ኋላ፥ አየር በማይደርስበት ስፍራ ነው።

ስለ ምን ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጐዳል ቢሉ፥ ምክንያቱ ብዙ ነው። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሳለ በአንድ ደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ይተነፍሳል። ስለዚህ እንደ ገላው ክብደት ቢመዘን ሕፃን ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። የሳንባውም ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በአዋቂ ላይ ጥቂት የሚመስለው እብጠት በሕፃን ላይ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። ደግሞም ሕፃን ቀኑን በቤት ይውላል፥ ሌሊቱንም በዚያው ያድራል፤ እንደ አባቱ ወደ አደባባይ፥ እንደ እናቱም ወደ ገበያ አይወጣም። በወለል ላይ ይድሃል፥ ከግድግዳ ሥር ይተኛል። የሻጋታው ዘርና ስባሪው ወደ ቧንቧው ሲገባ ቧንቧው ይቈጣል፥ ያብጣል፥ አክታ ያወጣል፤ ሕፃኑም ሌሊት ሌሊት ያስላል፥ ደረቱም ሲር ሲር ይላል፤ ጽኑ በሆነ ጊዜ የጎድኑ መካከል ወደ ውስጥ እየገባ በጭንቅ ይተነፍሳል። ከሁሉም የሚከፋው ሕፃኑ አፍ አውጥቶ ይህ ግድግዳ ጐዳኝ ማለት አለመቻሉ ነው።

ስለ ከተሞች ምድር ቤት።

በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ፋብሪካዎች በበዙ ጊዜ ሠራተኞች ከየገጠሩ ወደ ከተማ ጐረፉ። ቤት ስላልበቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች በሊቨርፑልና በማንቸስተር ከመንገዱ ዝቅ ባሉ ምድር ቤቶች ይኖሩ ነበር። ውኃ በወለሉ ይገባል፥ ፀሐይ አይደርስም፥ ልጆችም በሳልና በትኵሳት ያልቁ ነበር። በ1847 ዓመት የሊቨርፑል ከተማ ዊልያም ሄንሪ ደንከን የተባሉትን ሐኪም የከተማው የጤና ሹም አድርጋ ሾመች። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሹመት ሲሰጥ የመጀመሪያው ይህ ነው። ሹሙ የቤቶችን ሁኔታ እየተመለከቱ ሰው ሊኖርባቸው የማይገባቸው ምድር ቤቶች እንዲዘጉ አደረጉ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ምድር ቤቶቹ ሲዘጉ ከዚያ ለወጡት ድኾች ሌላ ቤት አልተዘጋጀላቸውም፤ ስለዚህ ወደ ሌሎች ጠባብ ቤቶች ገብተው ተጨናነቁ። ቤት መዝጋት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። የኦሪቱ ሕግ ቤቱን ከመዝጋት አልፎ ድንጋዩን መለወጥንና እንደ ገና መመረግን ያዘዘው ሰው ተመልሶ እንዲኖርበት ነው፤ መፍረስ የታዘዘው ጥገናው ሁሉ ተሞክሮ ካልረዳ በኋላ ነው። በ1875 ዓመት በወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ ከተሞች ስለ አዲስ ቤት አሠራር ደንብ እንዲያወጡ ሥልጣን ተሰጣቸው። ከዚያም ወዲህ ከመሠረቱ በላይ በግድግዳው ውስጥ እርጥበት የማያሳልፍ ንብርብር ማግባት እየተለመደ ሄደ።

ሊቃውንት የደረሱበት፥ ደግሞም የተጠነቀቁበት።

በ20ኛው መቶ ዓመት በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ስቶርም ፋን ሌውዌን የተባሉት ሐኪም በ1924 ዓመት ገደማ፥ የአገራቸው እርጥበትና ሻጋታ አስምን እንደሚያነሣ ተረዱ። ብናኝ የሌለበት ንጹሕ አየር ብቻ የሚገባበት ክፍል አሠሩ፤ አስም ያለባቸውንም ሰዎች በዚያ አስተኙ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዚያ ክፍል ሳሉ ቀለላቸው። ሰውየው ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው የሚስበው አየር ነው።

ይሁን እንጂ እውነትን የሚሻ ሰው ከመጠን በላይ አይናገርም። በ1993ና በ1994 ዓመት በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ዐሥር ሕፃናት ከሳንባቸው ደም እየፈሰሰ ታመሙ። ጥቍር መልክ ያለው የሻጋታ ዓይነት ምክንያቱ ነው ተብሎ ብዙ ተወራ፥ ሕዝቡም ደነገጠ። ነገር ግን የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት ነገሩን መልሶ ከመረመረ በኋላ በ2000 ዓመት፥ ሻጋታው ያን የደም መፍሰስ ማምጣቱ አልተረጋገጠም ብሎ አስታወቀ። ስለዚህ ሻጋታን የበሽታ ሁሉ ምንጭ ማድረግ አይገባም። ይህ ግን የተረጋገጠውን አያፈርሰውም። በ2004 ዓመት የአሜሪካ የሕክምና ሊቃውንት ማኅበር፥ በ2009 ዓመትም የዓለም ጤና ድርጅት ብዙ ምርመራዎችን ሰብስበው መዝነው፥ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሳል፥ የደረት ሲር ሲር ማለትና አስም እንደሚበዛባቸው መሰከሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከተናገረው አንድ ነገር በተለይ ሊታሰብ ይገባል። ይህን ያህል የሻጋታ ዘር በአየር ውስጥ ቢገኝ አይጐዳም፥ ከዚህ ቢያልፍ ግን ይጐዳል የሚል ቍጥር ሊወስን አልቻለም። የወሰነው ሻጋታው ይወገድ፥ እርጥበቱም ከምንጩ ይድረቅ ብሎ ነው። ሻጋታውን ለማወቅ በብዙ ገንዘብ የተገዛ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ የሚያይ ዓይንና የሚያሸት አፍንጫ ይበቃል። በኦሪቱም ካህኑ የታዘዘው ገብቶ እንዲያይ ነው።

የሮችዴል ሕፃን።

ሮችዴል ከማንቸስተር ከተማ በስተ ሰሜን በቅርብ ያለች ከተማ ናት። ብላክሊ የሻጋታን ዘር በገዛ እስትንፋሳቸው ከፈተኑበት ስፍራ ሰው በግማሽ ቀን በእግሩ ይደርስባታል። በዚያች ከተማ ከሱዳን አገር የመጡ ባልና ሚስት በአንድ የኪራይ ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ ለድኻ ቤት የሚያከራይ ማኅበር ንብረት ነው። በ2017 ዓመት አባትየው በወጥ ቤቱና በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ እንደ ወጣ ለአከራዩ አስታወቀ። የተሰጠውም መልስ በላዩ ቀለም ቀባበት የሚል ሆነ።

በታኅሣሥ 2018 ልጃቸው አዋብ ኢስሐቅ ተወለደ። ሕፃኑ በዚያው ቤት አደገ፥ በዚያውም ደረቱን ይታመም ጀመር። በ2020 ዓመት የሕፃናትን ጤና የምትጐበኝ ሴት በቤቱ ያየችውን ለአከራዩ በደብዳቤ ገለጠች፤ ወላጆቹም በጠበቃ ነገሩን አመለከቱ። ክርክሩ እስኪያልቅ ተብሎ ግን ጥገናው ቈየ። በታኅሣሥ 21 ቀን 2020 አዋብ ሁለተኛ ዓመቱን ከፈጸመ ከስምንት ቀን በኋላ ሞተ።

በኅዳር 2022 የሞትን ምክንያት የሚመረምሩት ዳኛ ጆአን ኪርስሊ ፍርዳቸውን ሰጡ። ሕፃኑ የሞተው በቤቱ ውስጥ ሻጋታ ለረጅም ጊዜ በመሳቡ ምክንያት በመጣ ጽኑ የመተንፈሻ በሽታ ነው አሉ። በዚያም ምርመራ የሚያሳፍር ነገር ተገለጠ፤ አከራዮቹ ሻጋታው የመጣው ከቤተ ሰቡ አኗኗርና አስተጣጠብ ነው ብለው ገምተው ነበር። በ2021 ዓመት የእንግሊዝ የቤት አቤቱታ ሰሚ ሹም፥ ሻጋታን በተከራይ አኗኗር ማመካኘት እንዲቀር የሚያሳስብ መግለጫ አውጥተው ነበር፤ ይህም መግለጫ ሕፃኑ ከሞተ ከዐሥር ወር በኋላ ወጣ።

አሁን አንባቢ አምስቱን ነገሮች ያስታውስ። አባትየው ተናገረ፤ የመጀመሪያው ተፈጸመ። የሰማው ግን መጥቶ እንደሚገባ አልመረመረም፤ ሁለተኛው ጐደለ። የተቈረጠ ቀን አልነበረም፥ ከ2017 እስከ 2020 ሦስት ዓመት አለፈ፤ ሦስተኛው ጐደለ። ደዌው ከግድግዳው ፊት ጠልቆ ሳለ በላዩ ቀለም ይቀባ ተባለ፤ አራተኛው ጐደለ። ግድግዳው ሊመረመር ሲገባው የቤቱ ሰዎች ተመረመሩ፤ አምስተኛው ጐደለ። ዕውቀት ግን አልጐደለም፤ በዚያው አጠገብ ከ147 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበርና። የጐደለው ሄዶ የሚያይ ሰው ነው።

ስለ አዲሱ ሕግ።

የአዋብ አባትና እናት ሐዘናቸውን ይዘው ዝም አላሉም፤ ሕግ እንዲወጣ ጠየቁ፥ ብዙ ሕዝብም ከእነርሱ ጋራ ቆመ። በ2023 ዓመት የእንግሊዝ የሕዝብ ምክር ቤት በወሰነው የኪራይ ቤቶች ሕግ ውስጥ በሕፃኑ ስም የአዋብ ሕግ የሚባል ክፍል ገባ። በጥቅምት 27 ቀን 2025 በእንግሊዝ አገር በማኅበር ለሚከራዩ ቤቶች መሠራት ጀመረ። ሕጉ የሚያዝዘው ይህ ነው። ለነፍስ የሚያሰጋ ነገር ከሆነ አከራዩ በ24 ሰዓት ውስጥ መርምሮ ቤቱን ከአደጋ ያድን። ብርቱ ጕዳት የሚያመጣ እርጥበትና ሻጋታ ከሆነ በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ ይመርምር፤ ምርመራው ካለቀ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ያገኘውን ለተከራዩ በጽሑፍ ይስጥ፤ አደጋውንም ምርመራው ካለቀ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ያስወግድ። ይህን በጊዜው መፈጸም ካልቻለ ለቤተ ሰቡ ሌላ ማደሪያ ያዘጋጅ።

አዲሱን ሕግ ያወጡት ሰዎች ከኦሪቱ ቀድተው አይደለም፤ የሕፃን ሞት አስገደዳቸው እንጂ። ነገር ግን የተናገረ ይሰማ፥ የሰማ ይሂድ፥ የሄደ ይይ፥ ያየ በተቈረጠ ቀን ያድርግ የሚለው ሥርዓት በሁለቱም አንድ ነው። ሰባት ቀንና ዐሥር ቀን ምን ያህል ይለያያሉ? በኦሪቱ ሕግና በሮችዴል መካከል ያለው ዘመን ግን እጅግ ብዙ ነው።

ፍጻሜ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ወገኖች ትምህርት ያገኛሉ። የመጀመሪያው ቤት ያለው ሰው ነው። ለራሱ ቤተ ሰብ፥ ለሎሌውም፥ ለጭሰኛውም ሆነ ለተከራዩ ቤት የሰጠ ሁሉ፥ ከክረምት በፊት ጣሪያውን ያስመርምር፤ በግድግዳው ዙሪያ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ያስቈፍር፤ የራሰውን ምርጊት አስፍቆ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ያስመርግ። በቀለም ወይም በኖራ መሸፈን ደዌውን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከሕፃን ሳንባ አይሰውረውም። መስኮት ፀሐይ ሲወጣ ይከፈት፤ የሕፃን መኝታ ከእርጥብ ግድግዳ ይራቅ። እርጥበቱን አደርቃለሁ ብሎም በተዘጋ ቤት እሳት የሚያነድ ይጠንቀቅ፤ ጭስም የሕፃናትን እስትንፋስ ይጐዳልና፥ የከሰል እሳትም ሰው ሳያውቀው ይገድላልና።

ሁለተኛው ሰው የሚሰማው፥ ቃሉም የሚከበር ነው። በኦሪቱ ይህ ሥራ የተሰጠው ለካህኑ ነበር። ዛሬ ፍርዱ የሐኪምና የመሐንዲስ ቢሆን፥ ማየት ግን ወደ ቤት የሚገባ ሁሉ ድርሻ ነው። የታመመ ልጅ ሊጠይቅ ወይም ጸሎት ሊያደርስ የሚገባ ካህን ከሕፃኑ መኝታ አጠገብ ያለውን ግድግዳ አሻቅቦ ቢመለከት፥ ያየውንም ሊያደርግ ለሚችለው ቢነግር፥ የቀደሙት ካህናት ያደርጉት የነበረውን አደረገ።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። ግድግዳ ሁለት ቤት የሚለይ ቢሆን ድንጋዩን አብረው ይንቀሉ ያሉ መምህራን አልተሳሳቱም። እርጥበት ወሰን አያውቅም፤ የአንዱ የተሰበረ አሸንዳ የሌላውን ግድግዳ ያርሳል።

ድኻ ቤቱን ሲያስመለክት ብዙ ጊዜ ቃሉን ያሳንሳል፤ በእርግጥ ይህ ነው ለማለት ይፈራል፥ ደዌ የሚመስል ነገር ታየኝ ብቻ ይላል። በኦሪቱ ካህኑን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ይህን ያህል ቃል ነበር። በሮችዴልም አባትየው ይህን ያህል ተናግሮ ነበር።